ሦስት ሜትር ጨርቅ በሶማሊኛ

ጨርቅ የሚገዛ ሰው ትንሽ አትርፎ ይግዛ፣ ትርፍ አይጎዳም ይባላል። ይጎዳል። ያነሰ ጨርቅ ጨዋ ነው፤ ማነሱን ፊት ለፊት ይነግራችኋል፣ ሄዳችሁ ትጨምራላችሁ፣ ነገሩ እዚያው ያልቃል። የተረፈ ጨርቅ ግን ለሁለት ቀን ብሎ መጥቶ እንደሚከርም ዘመድ ነው። አልጋ ሥር ይገባል። ቁም ሳጥን ይጋራል። ልጣልህ ስትሉት የቤታችሁ ሰው በሙሉ ተነሥቶ ጠበቃ ይቆምለታል። «ተወው፣ ለአንድ ነገር ይሆናል» ትባላላችሁ። ያ «አንድ ነገር» ምን እንደሆነና መቼ እንደሚመጣ የጠየቀ ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

ይህን የምለው ከአርባ ሜትር ጨርቅ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ስለኖርኩ ነው።

ነገሩ የጀመረው በብርድ ነው። ድሬዳዋ ተቀምጦ ስለ ብርድ የሚያወራ ሰው ጤናው እንደሚያጠራጥር አውቃለሁ። እኛ ዘንድ ብርድ ፍሪጅ ውስጥ የሚቀመጥ ነገር ነው። ብርድ ልብስ የለንም አልልም፣ አለን፤ ልብስ ስንተኩስ ጠረጴዛ ላይ እናነጥፈዋለን። እንግዲህ እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ያደገችው ልጃችን ሂክማ ዩኒቨርሲቲ ገባችና ምደባዋ ሲወጣ ደብረ ብርሃን ሆነ።

ሌላ እናት ብትሆን እልል ትላለች። ባለቤቴ ዘይነብ ግን ስልኩ ላይ የወጣውን ስም አይታ ቁጭ አለች።

«ልጄን ሊያቀዘቅዟት ነው» አለች።

«ሰው ይኖርበታል እኮ» አልኳት።

«የሚኖረው የለመደው ነው። ይቺ ማራገቢያ ሲዞርባት የምታስነጥስ ልጅ ናት።»

እውነቷን ነው። ሂክማ ማራገቢያው ወደ እሷ በዞረ ቁጥር ታስነጥሳለች፤ ሲመለስ ትተዋለች። ስለዚህ ዘይነብ አንድ አቋም ያዘች፤ በደንብ የሚያሞቅ ነገር ሳይያዝ ልጅቷ መኪና ላይ አትወጣም። ዩኒቨርሲቲውም ይቅር፣ ዲግሪውም ይቅር። እኔ እንደ አባት ነገሩን በምክንያት ለማስረዳት ሞከርኩ። ምክንያት ግን ዘይነብ ፊት ብዙ አይቆይም፤ ሙቀቱን አይችለውም።

ታይዋን የሚባለው ገበያችን ሄደን የተሰፋ ብርድ ልብስ አየን። አበባው ያምራል፣ ነብርም ያለበት አለ። ዘይነብ አንዱን ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጋ ያዘችውና ከወዲያ ማዶ የቆመውን ሰው በነብሩ ውስጥ አይታ ሰላም አለችው። በዚህ ተስፋ ቆረጥን። እዚያው ቆመን ቤት እንዲሰፋ ተወሰነ። ዘይነብ የልብስ ስፌት መኪና አላት፤ ለሰፈሩ ሁሉ መጋረጃ ትሰፋለች። ባለ ቀለም ጨርቅ ቆራርጣ፣ ቁርጥራጩን ገጣጥማ፣ በሁለት ጨርቅ መካከል ጥጥ ሞልታ ልትጠቀጥቀው ነው።

ስሙ ላይ እስካሁን አልተስማማንም። ዘይነብ በእናቷ አፍ «ልሐፍ» ትለዋለች። ሂክማ «ኮምፎርት» ትለዋለች። እኔ መጽሐፍ የማነብ ሰው በመሆኔ፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ ተገጣጥሞ የሚሰፋ ነገር በአማርኛ «ድሪቶ» መሆኑን አስረዳሁ። ሂክማ «አባ፣ ድሪቶ ይዤ ነው ዩኒቨርሲቲ የምገባው?» አለችና ዓይኗ እንባ አቀረረ። ልሐፍ ብለን ቀጠልን።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ስንት ሜትር ጨርቅ ይበቃል የሚለው ነው። ዘይነብ አልጋችን ፊት ቆማ ሁለት እጇን ዘረጋች።

«ይሄን ያህል» አለች።

«ይሄን ያህል ስንት ነው?»

«ይሄን ያህል ነዋ።»

«ለሻጩ ምን ልትዪው ነው?»

«እጄን እዘረጋለታለኋ።»

እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ ዝም ማለት አልችልም። አንድ ቤተሰብ በእጅ ዝርጋታ እየተመራ የትም እንደማይደርስ ተናገርኩ። ስለ ልኬት ታሪክ ያነበብኩትንም በመጠኑ አካፈልኳቸው፤ በመሐሉ ሂክማ ወጣች፣ ዘይነብ ሽንኩርት መላጥ ጀመረች። ከዚያ ሜትሩን አንሥቼ አልጋውን ለካሁ። ርዝመቱን ያዝኩ፣ ወርዱን ያዝኩ። ለስፌት የሚታጠፈውን ጨመርኩ። ሲታጠብ የሚሰበሰበውን ጨመርኩ። ሰው ተኝቶ ሲገላበጥ ወደ ራሱ የሚጎትተውንም ጨመርኩ፤ ይህን ከራሴ ትዳር ነው ያገኘሁት። በመጨረሻ ከአምስት ቀለም ሦስት ሦስት ሜትር ብንገዛ ፊቱም ጀርባውም በልኩ እንደሚወጣ ደረስኩበት። ሂሳቡ ትክክል ነበር። ልብ በሉልኝ፣ ሂሳቡ ላይ እስከ ዛሬ አንድም ስሕተት አልተገኘም።

ገንዘቡ ለጨርቁም ለጥጡም አንድ ላይ ተሰጠኝና ሄድኩ።

ጨርቅ የምንገዛው ከአዴር ጌዲ ነው። አዴር በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው፤ የማንም አጎት ባይሆንም ገበያው በሙሉ እንዲሁ ይጠራዋል። ሱቁ ጠባብ ነው፤ ጣቃው እስከ ጣሪያ ተደርድሯል፤ እሱ መሐል ላይ ሽርጡን ታጥቆ መቀሱን ይዞ ይቀመጣል። እኛ ከተማ አንድ ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ተጀምሮ፣ በኦሮምኛ ታጥፎ፣ በሶማሊኛ ይዘጋል፤ መሐላው በዓረብኛ ነው። አዴር ጌዲ አራቱንም በአንድ ትንፋሽ ያስኬዳቸዋል። እኔ ደግሞ ከአማርኛው በቀር ሌላውን የማውቀው እንደ ሠርግ ዘፈን ነው፤ መግቢያው ይመጣልኛል፣ ከዚያ በኋላ ማጨብጨብ ነው። ይህን ግን ገበያ ውስጥ ለማመን ዝግጁ አይደለሁም።

«አዴር፣ ኢስካ ወራን?» አልኩ ገና ከደጅ።

«ነባድ፣ ነባድ። ግባ አቦ። ምን ልስጥህ?»

«ለብርድ ልብስ የሚሆን ጥጥ ጨርቅ። አምስት ቀለም።»

ወደ ውጭ ተመለከተ። ውጭ አንዲት ፍየል ጥላ ፍለጋ ከቆመ ባጃጅ ሥር ገብታለች።

«አሞሃል እንዴ?»

«ለልጄ ነው። ደብረ ብርሃን ልትሄድ ነው።»

«አላህ ይሁናት» አለኝ፤ ልክ ለቅሶ እንደ ደረሰ ሰው። ከዚያ ጣቃዎቹን አወረደ። «ከያንዳንዱ ስንት ሜትር?»

እንግዲህ እዚህ ላይ «ሦስት» ማለት ይቻል ነበር። ሰውዬው የጠየቀኝ በአማርኛ ነው። ሦስት ደግሞ ጥሩ የአማርኛ ቃል ነው፤ ማንንም አስቸግሮ አያውቅም። እኔ ግን በሶማሊኛ ሰላም ብዬ ገብቼ በአማርኛ መቁጠር ዝቅ ማለት መሰለኝ። ሦስት በሶማሊኛ «ሰደሕ» ነው። ይህን በደንብ አውቃለሁ። የማላውቀው የመጨረሻዋን «ሕ» ነው። ያቺ «ሕ» ከጉሮሮ ውስጥ፣ መስተዋት ላይ እንደሚተነፍስ ሰው፣ ሳብ ተደርጋ ነው የምትወጣው። የኛ ጉሮሮ «ሀ»ን እና «ሐ»ን ከለየ ስንት ዘመኑ! «ሰደ…» ብዬ ጀመርኩ፣ መድረሻ ላይ ትንፋሽ አጠረኝ፣ ቃሉ አየር ላይ ተንጠልጥሎ እንዳይቀር ምላሴ ያገኘውን ነገር ለጠፈበት።

«ሰዴት» አልኩ።

ሰዴት በሶማሊኛ ምንም አይደለም። በኦሮምኛ ግን ስምንት ነው። ትንሽ ብገፋበት በአማርኛ ስደት ይሆን ነበር፤ እሱም ከመጣብኝ ነገር ጋር ብዙ አይራራቅም።

«ሰዴት?» ሲል አዴር ጌዲ ደገመው።

ቃሌን ደግሞ ሲያሰማኝ ደስ አለኝ። አነጋገሬ የጣመው መሰለኝ። «ሃ» አልኩት፤ አዎ ማለት ነው፤ ይቺን እንኳ አልሳሳትም።

«ልጅህ አንድ ናት?»

«አንድ።»

ከላይ እስከ ታች አየኝ። «ማሻአላህ» አለ፤ «ትልቅ ልጅ ናት።»

«አዎ፣ ቁመቷ በእናቷ ወጥቷል።»

ሲለካ ለምን አላየህም እንደምትሉ አውቃለሁ፤ ዘይነብም ብላለች። አላየሁም፤ ምክንያቱም ከቢዮ አዋሌ የመጣች አንዲት ሴትዮ አጠገቤ ቆማ ለምታገባ እህቷ ጨርቅ ስትመርጥ «ጥቁሩ ይሻላል፣ ጥቁር ቆሻሻ አያሳይም» አለች። ሰው ሁሉ የሚለው ነው፤ ሐሰት ነው። ጥቁር እንደ ድሬዳዋ አቧራ የሚያጋልጠው ነገር የለም። ጀርባዬን ለመቀሱ ሰጥቼ ይህን ማስረዳት ጀመርኩ። ሴትዮዋ በመጀመሪያ በአማርኛ ተከራከረችኝ፣ ቀጥሎ በኦሮምኛ፣ በመጨረሻ ጥቁሩን ገዝታ ሄደች። በዚህ ሁሉ መሐል ከኋላዬ ጨርቅ ሲቀደድ እሰማለሁ። ጭርርር… ጭርርር… እንደ ዝናብ ድምፅ ደስ ይል ነበር።

ሂሳቡ ሲነገረኝ ደነገጥኩ። ግን የዚህ ዘመን ሰው ነኝና ደንግጦ መክፈል ለምጄዋለሁ። ኑሮ ነው ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ፣ አዴር ጌዲም ራሱን ነቀነቀ፣ ሁለታችንም ስለ ኑሮ ውድነት ከልብ አዘንን። ከፈልኩ። የጥጡም ገንዘብ አብሮ ሄደ።

ጥቅሉን ባጃጅ ላይ ስንጭነው ሹፌሩ ከኋላ ወንበር ጠፍቼበት በመስታወት ፈለገኝ።

«ጋሼ፣ ሠርግ ነው?»

«አይደለም።»

«አላህ ያጽናህ» አለኝና ሬዲዮውን ዘጋ። የለቅሶ ድንኳን መስሎት ነው።

ዘይነብ በሩን ከፍታ ጥቅሉን አየች፣ ከጥቅሉ በላይ ግንባሬን አየች።

«ይሄ ምንድነው?»

«ለልሐፉ ነዋ።»

«ለማን ልሐፍ? የደቻቱን ወንዝ ልታለብስ ነው?»

እኔም ትንሽ የበዛ መስሎኝ ነበር። መኝታ ቤት አልጋው ላይ ጫፉን አስይዘን መዘርጋት ጀመርን። አንዱ ቀለም ብቻ ከአልጋው ወርዶ፣ ሳሎኑን አቋርጦ፣ ግቢ ወጣ። ሂክማ ጫፉን ይዛ በሩ ጋ ደርሳ «አባ፣ ልቀጥል?» አለች። መንገድ ላይ የሚያልፍ ሰው ቆሞ ተመለከተን።

ሜትሩን አመጣሁ። ስምንት። ሌላውንም ለካሁ። ስምንት። አምስቱም ስምንት ስምንት ነበሩ።

ወዲያው ተመልሼ ሄድኩ። አዴር ጌዲ ሱቅ ግድግዳ ላይ «የተቆረጠ ጨርቅ አይመለስም» የሚል ማስታወቂያ በሦስት ቋንቋ ተጽፏል። ከዚያ ቀን በፊት በአንዱም አንብቤው አላውቅም።

«አዴር፣ እኔ እኮ ስምንት አላልኩም» አልኩት።

«ሰዴት አላልክም?»

«ያልኩት ሰዴት ነው።»

«ይኸው አሁንም አልክ።»

«ሰ… ደ…» እንደገና ሞከርኩ። ላብ አጠመቀኝ። «ሰዴት።»

«ወላሂ ስምንት ነው አቦ። እናቴ ኦሮሞ ናት፤ ለኔ ትነግረኛለህ?»

«እኔ የተናገርኩት ሶማሊኛ ነው።»

«እኔ በምን ልወቅ? ከሰላምታው በኋላ በየት በኩል እንደምትሄድ አልነገርከኝም።»

ወደ ቤቴ ስመለስ መንገድ ላይ አንድ ነገር ትዝ ብሎኝ ይበልጥ ተናደድኩ። አምስት በሶማሊኛም በኦሮምኛም «ሸን» ነው። ዘጠኝም አንድ ዓይነት ነው ማለት ይቻላል። የሁለቱ ቋንቋ ቁጥሮች እዚህም እዚያም እንደ ጎረቤት ሰላም ይባባላሉ። ከዚያ ሁሉ መሐል የኔ ሂሳብ የሚጣሉበትን ቦታ መርጦ ሦስት ላይ ወጣ። ከያንዳንዱ አምስት ሜትር የሚያስፈልገን ቤተሰብ ብንሆን ኖሮ ዛሬ ስለ ሌላ ነገር ነበር የምጽፍላችሁ።

ቤት ስደርስ ሂክማ ሻንጣዋን እያዘጋጀች ነው፤ መግቢያው ደርሷል። ዘይነብ ስፌት መኪናዋ ፊት ተቀምጣለች። ጨርቁ ክፍሉን ሞልቶታል። ጥጥ የለም። ጥጥ የሚገዛበትም የለም።

«እንግዲህ ቀረች» አለች ዘይነብ። በንዴት አይደለም ያለችው። በንዴት ብትለው ይሻለኝ ነበር። «ያለ ልሐፍ አልሰዳትም። ውስጡ ባዶ የሆነ ልሐፍ ደግሞ ያው ታይዋን ያየነው ነብር ነው።»

ሂክማ ሻንጣዋን መዝጋት ተወች። አንድ እግር ካልሲ ይዛ ቆመች።

ምን እንደሆንኩ አላውቅም፣ አንዳንድ ጊዜ ሰው ተጨንቆ ከሚጠበቅበት በታች ያስባል፤ «በጨርቁ ራሱ እንሙላው» አልኩ።

«ጨርቅ በጨርቅ?»

«ደራርበሽ ጠቅጥቂው። ጥጥ ማለት ገና ያልተሸመነ ጨርቅ እኮ ነው።»

ዘይነብ መቀሱን አነሣች። ባልና ሚስት በዚህ ዕድሜያችን እንዲህ ተባብረን የሠራነው ነገር አላስታውስም። እሷ ትሰፋለች፣ እኔ ከወዲያ በኩል ተቀብዬ እጎትታለሁ፤ መኪናዋ አቀበት እንደምትወጣ ባቡር ታቃስታለች፤ መርፌ ሲሰበር እሷ እኔን ታያለች፣ እኔ መርፌውን አያለሁ። ተሰፍቶ ሲያልቅ አምስት ቀለም፣ እንደ ሰሌዳ ቀጥ ያለ፣ ግድግዳ ላይ ቢያስደግፉት ብቻውን የሚቆም ልሐፍ ወጣ። አጣጥፈን ለማሰር ሁለት ጎረቤት ጠርተን ላዩ ላይ አስቀመጥናቸው።

መናኸሪያ ስንደርስ የአውቶቡሱ ረዳት ጥቅሉን ለማንሣት ጎንበስ አለና ቀና ብሎ ጠየቀኝ።

«ጋሼ፣ ውስጡ ሰው አለ?»

«ልሐፍ ነው።»

«የማን?»

«የተማሪ።»

ሌላ ረዳት ጠራ። ሂክማ ሄደች። ዘይነብ አውቶቡሱ እስኪጠፋ ድረስ የምታየው ልጇን ይሁን ጣሪያ ላይ የታሰረውን ጥቅል መለየት አልቻልኩም።

ሂክማ ከደረሰች በኋላ ስትደውል ስልኩን ድምፁ እንዲሰማ አድርገን በመሐላችን አስቀመጥነው።

«ይሞቃል ወይ?» አለች እናቷ፣ ደኅና ነሽ ወይ ሳትል።

«ኡሚ፣ በጣም ይሞቃል።»

ዘይነብ ዓይኗን ጨፈነች። እኔም ያልተነካውን ሂሳቤን አስታውሼ ደረቴን ነፋሁ።

«ግን አባ» አለች ሂክማ፣ «ከገባሁበት በኋላ መገላበጥ አልችልም። በቀኝ ይሁን በግራ ውጭ ሆኜ ወስኜ ነው የምገባው። ደግሞ የትኛውን አልጋ ነው የለካኸው?»

የለካሁት የኛን አልጋ ነው። የባልና ሚስቱን። የዶርሙ አልጋ ተደራራቢ፣ ለአንድ ሰው የሚሆን ጠባብ አልጋ ኖሯል፤ ሂክማ ከላይ ናት። ልሐፉ ግራና ቀኝ ተንጠልጥሎ የታችኛውን አልጋ እንደ መጋረጃ ሸፍኖታል። ታች የምትተኛው ልጅ ትዕግሥት ትባላለች። ነፋሱ ስለቆመላት ሂክማ ልሐፉን ለማጠፍ ስትሞክር ከሥር ይዛ «ተይው እህቴ» ትላታለች።

የቀሩት የዶርሙ ልጆች አራት ናቸው። አይተው ቀኑ። አንዷ ትንሽ ልሞክረው ብላ ገብታ እንቅልፍ ወሰዳት። ከዚያ ተራ ተያዘ። ልሐፉን ከአልጋ ወደ አልጋ ማዞር ስለማይቻል የሚዘዋወረው ሰው ነው፤ ባለተራዋ ወደ ሂክማ አልጋ ትወጣለች፣ ሂክማ ወደ ባለተራዋ ብርድ ትወርዳለች። ይህን እየሳቀች ስትነግረን መሐል ላይ አስነጠሰች።

አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ዘይነብ ግን ሰማች።

ስልኩ እንደ ተዘጋ ከልሐፉ የተረፈውን ጨርቅ ከአልጋ ሥር አወጣች። ለአራቱም በጠባቡ አልጋ ልክ ልትሰፋ ነው፤ ልጆቹ የየራሳቸው ካልኖራቸው ልጇ በራሷ ልሐፍ አትተኛም። ጨርቁ ለፊትና ለጀርባ ብቻ ሆነ፣ የሚሞላ ነገር ጠፋ። ቁም ሳጥኔን ከፈተች።

«ኮት ድሬዳዋ ላይ ምን ያደርግልሃል?» አለችኝ።

«ይሄኛው የሠርጌ ነው።»

«አውቃለሁ። ወፍራም ነው።»

ዛሬ የሠርጌ ኮት በሁለት ጨርቅ መካከል ተጠቅጥቆ ተኝቷል፤ የቀሩት ኮቶቼም ለየልሐፉ ተከፋፍለዋል። የደረት ኪስ ውስጥ መነጽሬን ረስቼ እንደሆነ እየፈራሁ ነው፤ አንዱን ልሐፍ ስንጫነው «ቀጭ» ብሏል። አራቱም አልቀው ታስረው ሳሎናችን ውስጥ ቆመዋል። ሶፋው ላይ መድረስ አልቻልንም፤ እንግዳ በር ላይ ነው የምንቀበለው። የአውቶቡስ ረዳቶች እኔን ከሩቅ ሲያዩ ሌላ ሥራ ይይዛሉ። ዘይነብ በበኩሏ ሰው ካላገኘህ ተሸክሜያቸው ራሴ እሄዳለሁ ብላለች፤ ቀልድ ቢመስላችሁ አታውቋትም ማለት ነው። ሂክማም በየተራው እየወረደች እያስነጠሰች ነው።

እናንተ አንባቢዎቼ፣ በዚህ ሰሞን ወደ ደብረ ብርሃን የምትሄዱ ከሆነ የራሳችሁን ሻንጣ ቤታችሁ ተዉትና መጥታችሁ የኔን ልሐፎች ውሰዱልኝ።